«ፊዚዮቴራፒ ይከታተሉ» ከሚለው መስመር በኋላ፦ የስትሮክ ሕሙማን ተሃድሶ ከወልቂጤና ከቡታጅራ አንጻር ሲመረመር

በስትሮክ ምክንያት ሆስፒታል ተኝቶ የቆየ ሕመምተኛ ወደ ቤቱ ሲሰናበት በሚሰጠው ወረቀት ላይ የደም ግፊት መድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የሚወሰድበት ሰዓት ተዘርዝሮ ይጻፋል። የቀጠሮው ቀንም ይጻፋል። ከዚህ ሁሉ በታች፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው መስመር ላይ፣ «ፊዚዮቴራፒ ይከታተሉ» የሚል አጭር ትእዛዝ ይገኛል። መድኃኒቱ በስንት ሚሊግራም እንደሚወሰድ በጥንቃቄ የተናገረው ወረቀት፣ እንቅስቃሴው በማን አጋዥነት፣ የት፣ በቀን ስንት ጊዜና ለስንት ሳምንት እንደሚሠራ አይናገርም። የሕክምና ወረቀት እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ለሂስ ይቀርብ ቢባል፣ ይህ መስመር እጅግ ከሚደጋገሙትና እጅግ ጥቂት ፍሬ ካላቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ሆኖ በተገኘ ነበር። ትእዛዝ ነው፤ ተቀባይ ግን የለውም።

ተቀባይ የማጣቱ ነገር ጎልቶ የሚታየው ሕመምተኛው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ መኖሪያው ሲመለስ ነው። ወልቂጤ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቡታጅራ ደግሞ በሆሳዕና መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከአዲስ አበባ ይርቃሉ። ለረዥም ዘመን በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር የኖሩት ሁለቱ ከተሞች፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ በመሆንዋ በአስተዳደር ተለያይተዋል። የጤና ተቋም የሌለባቸው ከተሞች አይደሉም። ቡታጅራ አጠቃላይ ሆስፒታል አላት፤ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም በጉብሬ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ይሁን እንጂ ጥያቄው የሕንፃ መኖርና አለመኖር አይደለም። ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ሰው ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ከተማ ይመላለሳል ብሎ ማሰብ የትኛውም ሆስፒታል ቢሠራ የማይፈታ ችግር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ይሞከራል። በሁለተኛው የትራንስፖርቱ ወጪ ይሰላል። በሦስተኛው ሳምንት ሕመምተኛው ከመደቡ ላይ ነው፤ ጠያቂ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ክንዱም ቀስ በቀስ ወደ ደረቱ ይታጠፋል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተዘጋጁት ጽሑፎች ስመ ጥሩው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተመው፣ አካል ጉዳተኞችን በማኅበረሰቡ መካከል ለማሠልጠን የሚያገለግለው መምሪያ ነው። ሄላንደር፣ ሜንዲስ፣ ኔልሰንና ጌርት ያዘጋጁት ይህ ሥራ አራት መመሪያዎችንና 30 የሥልጠና ጥራዞችን ይዟል። በብዙ አገሮች የተቋቋሙ የማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ፕሮግራሞች መሠረታቸውን የጣሉት በእርሱ ላይ ነው። መምሪያው ሊመሰገን የሚገባው በቅድሚያ ለማን እንደ ተጻፈ በመወሰኑ ነው። የሚናገረው ለሐኪም ሳይሆን ለቤተሰብ ነው፤ ቃላቱ ቀላል ናቸው፤ ሥዕሎቹም ከጽሑፉ ያላነሰ ይናገራሉ። የሆስፒታሉ የስንብት ወረቀት በአንድ መስመር ያለፈውን ይህ መምሪያ በገጾች ያብራራል። በዚህ ረገድ ከሠላሳ ዓመታት በኋላም ቢሆን ብዙ የሆስፒታል በራሪ ጽሑፎች ሊማሩበት የሚችሉበት ሥራ ነው።

ይሁንና የስትሮክ ሕመምተኛን በዓይነ ኅሊና ይዞ ለሚያነበው ሰው ሦስት ጉድለቶች ይታዩበታል። አንደኛው ከአከፋፈሉ የመጣ ነው። ጥራዞቹ የተደራጁት በበሽታ ዓይነት ሳይሆን በችግር ዓይነት ነው፦ የማየት፣ የመስማትና የመናገር፣ የመንቀሳቀስ፣ የመማር እያለ ይቀጥላል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ገበሬው የበሽታውን ስም ባያውቅም ችግሩን ያውቃልና። ነገር ግን ስትሮክ በአንድ ሌሊት መራመድን፣ መናገርን፣ መዋጥን፣ አልፎ አልፎም የራስን ግራ ጎን ማስተዋልን አንድ ላይ ይወስዳል። ለመንቀሳቀስ የተጻፈው ጥራዝ በልጅነቱ በፖሊዮ የተጎዳውን ወጣትና ትናንት የወደቁትን የ65 ዓመት አባት በአንድ ያስተናግዳል፤ ሁለቱ ግን የሚጋሩት መንከስን ብቻ ነው። የልጁ ጡንቻ ነርቭ አጥቷል፣ ዕውቀቱና ስሜቱ ግን ሙሉ ናቸው። የአባት ጡንቻ ደኅና ነው፣ የሚያዘው አንጎል ነው የተጎዳው።

ሁለተኛው ጉድለት ጊዜን የሚመለከት ነው። መምሪያው የሰዓት ቆጠራ የለውም። በስትሮክ ተሃድሶ ግን ጊዜ ከመድኃኒት አይተናነስም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በኮፐንሃገን በተደረገው ሰፊ ጥናት፣ 95 በመቶ የሚሆኑት ሕሙማን የዕለት ተዕለት ተግባርን በማከናወን ረገድ የደረሱበትን ከፍተኛ ደረጃ ያገኙት በሦስት ወር ገደማ ውስጥ ነበር። ይህ ማለት ከሦስት ወር በኋላ ተስፋ ይቆረጥ ማለት አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶች በስድስተኛው ወር ሥልጠና የጀመሩ ሰዎች እንኳ አካሄዳቸው እንደሚሻሻል አሳይተዋል። ሆኖም መጋኛ ነው ወይስ ምች ነው በሚል ክርክር፣ ቀጥሎም ጠበል በመመላለስ የሚያልፉት ሳምንታት አንጎል ለመማር ይበልጥ የተዘጋጀባቸው ሳምንታት መሆናቸውን ለቤተሰቡ የሚነግር ጽሑፍ ያስፈልግ ነበር። ጠበሉና እንቅስቃሴው ጎን ለጎን ሊሄዱ የሚችሉ ናቸው፤ ጉዳቱ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ሲደረግ ነው።

ቸኩሎ መጀመርም የራሱ መዘዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነውና በአምስት አገሮች 2,104 ሕሙማንን ያሳተፈው አቨርት የተባለው ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ሕሙማንን አብዝቶ ማስነሣትና ማስቆም ውጤቱን እንዳላሻሻለው፣ ይልቁንም በመልካም ሁኔታ የሚያገግሙትን ቁጥር እንደቀነሰው አሳይቷል። ስለዚህ ዎርድ ውስጥ የሚሠራ ነርስ ገና በመጀመሪያው ቀን ሕመምተኛውን ደጋግሞ ለማቆም መታገል የለበትም፤ አቀማመጡን ማስተካከል፣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥና ውኃ ወይም ሾርባ ከመስጠት በፊት መዋጥ መቻሉን ማረጋገጥ የዚያ ቀን ሥራ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ጉድለት ግን «የቤተሰብ አሠልጣኝ» በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። መምሪያው ከቤተሰቡ አንድ ሰው ተመርጦ ዕለት ዕለት ሕመምተኛውን እንዲያሠለጥን ይጠይቃል። በጉራጌ ገጠር ያ ሰው ማን እንደሚሆን ሳይጠየቅ ይታወቃል፤ ሚስት ናት፣ ምራት ናት፣ ወይም ትምህርቷን የምታቋርጥ ልጅ ናት። ወንዶች ልጆች አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ናቸው። እንሰት የምትፍቅ፣ ውኃ የምትቀዳ፣ ከብት የምታስገባ ሴት ላይ በቀን የአንድ ሰዓት የሥልጠና ግዴታ ሲጨመርባት፣ ጽሑፉ ነፃ ጉልበት አገኘሁ ብሎ ያሰበው ከሌላ ሥራ የተነጠቀ ጉልበት መሆኑን አላሰበም።

የቤተሰብ አሠልጣኝነት በስትሮክ ላይ ተፈትኗል፤ ውጤቱም ለዚህ ሐሳብ ደጋፊዎች የሚያስደስት አልነበረም። በህንድ 14 ሆስፒታሎች 1,250 ሕሙማንን ይዞ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው አቴንድ የተባለው ጥናት፣ ሕሙማኑ ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ለሦስት ቀናት ያህል አስታማሚዎቻቸውን አሠልጥኖ፣ ከዚያም ባለሙያ ቢበዛ እስከ 6 ጊዜ ቤታቸው እንዲጎበኛቸው አደረገ። በስድስተኛው ወር የሞቱት ወይም በሰው እጅ የወደቁት በሁለቱም ወገን 47 በመቶ ሆኑ፤ የሠለጠነው ቤተሰብ ካልሠለጠነው አልተለየም።

ከዚህ ውጤት ተነሥቶ «እንግዲያው የቤት ውስጥ ተሃድሶ አይሠራም» የሚል ቢኖር ግን ስሕተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የታተመው ሊፕስ የተባለ ጥናት ለ408 ሕሙማን ሁለት ዓይነት ሥልጠና አነጻጸረ። አንደኛው ሰውነትን በማሠሪያ ደግፎ በሚያንጠለጥል ውድ የመራመጃ መኪና ላይ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሌላው በሕመምተኛው ቤት በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየተመራ የሚሠራ ተራ የጥንካሬና የሚዛን ልምምድ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም፤ መኪናው ቤቱን አልበለጠውም። ልብ መባል ያለበት ግን በሊፕስ ባለሙያው የሰጠው ሥልጠና 36 ጊዜ፣ እያንዳንዱም 90 ደቂቃ የሚፈጅ እንደ ነበር ነው። ሁለቱ ጥናቶች በአገርም በዘዴም ስለሚለያዩ ቁጥራቸውን እንደ ሚዛን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም። ቢሆንም 6 እና 36 የሚሉት ቁጥሮች ዝም ብለው የሚታለፉ አይደሉም። አጥጋቢ ያልሆነው ቤቱ ሳይሆን የልምምዱ መጠን ማነስ ሳይሆን አይቀርም። አንድም መድኃኒት በስድስተኛው እጅ መጠን ተሰጥቶ አልሠራም ተብሎ አይወገዝም።

እንግዲህ 36 ጊዜ ወደ አንድ ጎጆ የሚሄደው ማን ነው? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፈር በቀደደው የዲግሪ ትምህርት የሠለጠኑት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ቁጥር እያደገ ቢመጣም ለየቀበሌው ይደርሳሉ ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው። መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡታጅራና አካባቢዋ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ማለት ነው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የገጠር ጤና ፕሮግራም መስክ በመሆን በምርምር ዓለም ስማቸው የታወቀ ነው። ከቡታጅራ በስተሰሜን በሚገኘው ሶዶ ወረዳ ደግሞ ራይዝ የተባለ ጥናት ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን 166 ሰዎች በ48 ንዑስ አካባቢዎች ከፋፍሎ፣ ለግማሾቹ አካባቢዎች ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ የቤት ለቤት ተሃድሶ እንዲሰጥ አደረገ። ሥራውን የሠሩት ሐኪሞች ሳይሆኑ ለጥቂት ሳምንታት የሠለጠኑና ክትትል የሚደረግላቸው የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት፣ ከ12 ወር በኋላ ቤታቸው የተጎበኙት ሕሙማን በሥራና በኑሮ ያለባቸው እክል ከሌሎቹ ይልቅ መቀነሱን አሳይቷል።

የአእምሮ ሕመም ከግማሽ አካል ሽባነት ጋር አንድ አይደለም፤ የሚዛን ልምምድ ማስተማር ሕመምተኛን ወደ እድር ስብሰባ እንዲመለስ ከማደፋፈር የተለየ ሙያ ይጠይቃል። ነገር ግን ራይዝ ያረጋገጠው ከይዘቱ ይልቅ መንገዱን ነው። በሶዶ ጭቃና ዳገት ላይ፣ በደመወዝ የሚሠራና ኃላፊነት ያለበት ሰው ዓመቱን ሙሉ ወደ ሕመምተኛ ቤት ሊመላለስ እንደሚችል በተግባር ታይቷል። የቤተሰቡን ጉልበት እንደ ነፃ ሀብት ከመቁጠርና ለሥራው ሰው ከመመደብ የትኛው እንደሚሻል በጉራጌ ምድር ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በመነሻ 16 ፓኬጆቹ ውስጥ ተሃድሶን አላካተተም ነበር። ይህንንም በተደራረበ ሥራ በተወጠሩት የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጫንቃ ላይ መጫን መፍትሔ አይመስልም፤ ሶዶ ያሳየችው ለብቻው የተመደበ ሰው ነው።

ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰው የሚያሠለጥነውስ ምንድን ነው? በሆስፒታል የልምምድ ክፍል የሚታየው ከፍ ያለ አልጋ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ሁለት ትይዩ ብረቶችና ለስላሳ ወለል ነው። በጉራጌ ጎጆ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም። ሰው የሚቀመጠው ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ወይም ምንጣፍ በተነጠፈበት ወለል ላይ ነው፤ መጸዳጃው ቁጢጥ ብሎ የሚቀመጡበት ጉድጓድ ነው፤ ደጁ ሲዘንብ ያዳልጣል። ከወንበር መነሣትን ተምሮ የመጣ ሰው ከወለል መነሣትን አልተማረም። አንድ ሰው ሽንት ቤት ለብቻው መሄድ መቻል አለመቻሉን የሚወስነው ከቁጢጥ መነሣት መሆኑ ግልጽ ነው፤ ለክብሩም ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። በጉድጓዱ አጠገብ በደኅናው እጅ በኩል የተተከለ አንድ ጠንካራ አግዳሚ እንጨት ከብዙ ልምምድ ይልቅ ዋጋ አለው፤ መሐሉ የተቦረቦረ በርጩማ ከጉድጓዱ በላይ ማስቀመጥም ለአካባቢው አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ጎጆው ግን የጎደለው ብቻ አይደለም፤ የልምምድ ክፍሉ የሌለው ነገርም አለው። መካከሉ ላይ ምሰሶ ቆሟል፤ ለመቆም ለሚማር ሰው ከዚያ የተሻለ መያዣ አይገኝም። ከደጁ ፊት ለፊት ጀፎሮው ተዘርግቷል፦ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ፣ በአብዛኛው ሜዳ የሆነ፣ ሲወድቁበትም እንደ አስፋልት የማይጎዳ ጎዳና። የመራመድ ልምምድ የሚሰጥበትን ቦታ በገንዘብ መሥራት ቢፈለግ ውጤቱ ጀፎሮን የሚመስል ይሆን ነበር። እንቅፋቱ ሌላ ነው። ጀፎሮ የሰው ዓይን ያለበት ቦታ ነው፤ ትናንት ሽማግሌ ሆነው ሲዳኙ የነበሩ አባት እግራቸውን እየጎተቱ በዚያ መታየትን ይፈራሉ። እዚህ ላይ ከዘራ ታላቅ ወዳጅ ሆኖ ይገኛል። ክራንች የአካል ጉዳት ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ ከዘራ ግን የሽማግሌ ወግ ነው። ቁመቱ እጅ ወደ ታች ሲዘረጋ አንጓ ላይ እንዲደርስ ተቆርጦ፣ በደኅናው እጅ ተይዞ፣ ጫፉ ላይ ጎማ ቢደረግለት ክብርንም ሚዛንንም ያስጠብቃል። በሕመሙ በኩል መያዝ ብዙዎች የሚሳሳቱት ስሕተት ነው።

ለሴቲቱ ደግሞ ፍቂያው አለ። እንሰት የምትፍቅ ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ እግሯ ቅጠሉን ከዘነበለው ሳንቃ ጋር አጣብቃ፣ በቀርከሃ መፋቂያ በሁለት እጅዋ ታወርዳለች። ይህ ሥራ ለግንድ ሚዛን፣ ለዳሌ፣ ለሁለቱም እጆች ቅንጅት የሚጠይቀውን ጉልበት የሚያህል ልምምድ በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል። በሦስተኛው ወር ደካማው እጅ በደኅናው ላይ ተደርቦ መፋቂያውን እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል፤ ቆጮው ትንሽ ቢሆንም ነገሩ ልምምድ ብቻ ሳይሆን ሥራ ነው። ኳስ ጨብጦ መልቀቅን በቀን መቶ ጊዜ አድርጊ የተባለች ሴት በሳምንቱ ትሰለቻለች፤ የምታውቀውን ሥራ ግን ማንም ሳይነግራት ትደጋግመዋለች። የተሃድሶ ሳይንስ ለዓላማ የተሠራ ድግግሞሽ ከባዶ ድግግሞሽ ይበልጣል ሲል የደረሰበትም ይኸው ነው። ሲኒዎቹን በደከመው ጎን በኩል ማስቀመጥ፣ ጠያቂንም በዚያው በኩል ማስቀመጥ፣ የራሱን ግራ ጎን ለረሳ ሰው ከሁሉ የቀለለው ሕክምና ነው።

ንግግርም እንዲሁ የቤቱን ይዞ ሊመረመር ይገባዋል። በወልቂጤ አካባቢ የሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋዎች፣ በሶዶ ክስታንኛ፣ በቡታጅራ ዙሪያ መስቃንኛ የሚናገሩ ሰዎች አማርኛን አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛ ደረጃ ተምረውታል። ከስትሮክ በኋላ ሁለቱ ቋንቋዎች እኩል ላይመለሱ ይችላሉ። በአማርኛ ተጠይቆ ያልመለሰ ሁሉ መናገር አቅቶታል ተብሎ ሲመዘገብ፣ በእናቱ ቋንቋ ቢጠየቅ ምን ይል እንደ ነበር ያልተጻፈ ጉዳይ ነው።

ትከሻን የሚመለከተው ነገር ብቻውን አንድ ምዕራፍ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የላላው ክንድ በጡንቻ ስላልተያዘ ከትከሻው ጉድጓድ ወደ ታች ይንሸራተታል። ሕመምተኛውን ለማስነሣት ክንዱን የሚጎትት አስታማሚ፣ ብብቱን ይዞ ወደ ባጃጅ የሚያነሣ ዘመድ፣ ክንዱን «ወደ ቦታው ለመመለስ» የሚያሽና የሚጎትት ወጌሻ ሁሉም በቅን ልብ ይጎዱታል። ትከሻው ሲታመም ሕመምተኛው ክንዱን አያስነካም፤ ያልተነካ ክንድ ይደርቃል፤ የደረቀ ክንድ ልብስ ለመልበስ እንኳ ያስቸግራል። ወጌሻውን በመንቀፍ የሚገኝ ነገር የለም። በአካባቢው ታምኖ የሚጠራ ሰው ነውና፣ ክንድን አለመጎተትን እርሱ ቢማርና እርሱ ቢናገር በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ ወረቀት ይበልጥ ይሰማል። የታጠፈ ጋቢ ከክንዱ ሥር አስቀምጦ ትከሻውን ወደ ፊት አውጥቶ ማስተኛት ገንዘብ የማይጠይቅ መከላከያ ነው።

ስለ ተሽከርካሪ ወንበርም አንድ ነገር መባል አለበት። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚመጡ ልጆች አባታቸውን በዚያ ሁኔታ ሲያገኙ ከሚያስቡት የመጀመሪያ ነገር አንዱ ወንበሩን ገዝቶ መላክ ነው። ፍቅር ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም በሁለተኛው ወር የመጣ ወንበር በአራተኛው ወር ሊራመድ የሚችለውን ሰው አስቀምጦ ሊያስቀረው ይችላል፤ በጎጆው በርም አይገባም። መራመድ የማይችሉ ሕሙማን በእርግጥ አሉ፤ ለእነርሱ ወንበሩ ነፃነት ነው። ማን የየትኛው ወገን እንደ ሆነ በሦስተኛው ወር አይቶ የሚወስን ባለሙያ እስካልተመደበ ድረስ ግን ውሳኔው በመስቀል ሰሞን በአንድ ምሽት በቤተሰብ ጉባኤ ይወሰናል።

ወደ መጀመሪያው መስመር ሲመለሱ፣ በ«ፊዚዮቴራፒ ይከታተሉ» ምትክ ሊጻፍ የሚችለው ያን ያህል ረዥም አይደለም። ለአንዲት የእንሰት ፋቂ እናት ቢሆን፦ «ለሁለት ሳምንት፣ ቀኝ ክንዳቸውን ማንም አይጎትት፤ በቀን አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም 10 ጊዜ ከበርጩማ መነሣትና መቀመጥ፣ ምሰሶውን ይዘው፤ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ጠዋትና ማታ ጀፎሮ ላይ መራመድ፤ ከሰው ጋር ካልሆነ ሽንት ቤት አይሂዱ፤ በስድስተኛው ሳምንት መፋቂያ መያዝ መጀመራቸው ይታይ።» ከዚህ በታች ወደ ቤታቸው የሚሄደው ሰው ስምና የስልክ ቁጥር ይጻፋል። አሁን ባለው ወረቀት ላይ ለዚያ ስም የተተወ ቦታ የለም።